ደብተሩን ዝጋው! ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ሱሉልታ ላይ የተደረገ ንግግር

(ባለፈው ቅዳሜ ሱሉልታ ላይ ለተፈታኝ ወንድምና እህቶቻችን ያደረግሁት ንግግር ነው። መምጣት ላልቻላችሁ በጽሑፍ ይኸው። ረዘም ይላል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። መጨረሻው ላይ የቤት ሥራ አለ።)



በዚህ ብርድ፣ በቅዳሜ ጠዋት፣ ከጫንጮም ከአዲሱ ገበያም ታክሲ ይዛችሁ የመጣችሁ አላችሁ። የትራንስፖርቱን ዋጋ ስለማውቀው ምስጋናዬ የምር ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። ዲግሪ አለኝ። ሥራ የለኝም። ሁለቱንም መጀመሪያ ላይ የምናገረው በኋላ ከሌላ ሰው እንዳትሰሙት ነው። ከተመረቅሁ ሁለተኛ ዓመቴ ሊሞላ ነው። የሥራ ማስታወቂያ ሳነብ መጀመሪያ የማየው ደመወዙን ሳይሆን «0 ዓመት» የምትለዋን ነው። ኮፒ አስደርጋለሁ፣ አስገባለሁ፣ እጠብቃለሁ። እስከዚያው ሦስት ልጆችን በየቤታቸው እየሄድኩ አስጠናለሁ፤ የኪሴ ገንዘብ እሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከነዚህ ልጆች አንዱ፣ እንደናንተ ተፈታኝ ነው፣ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «ቲቸር፣ አንተ ተምረህ ምን አገኘህ?» አለኝ። እናቱ ቡና ይዛ ስትገባ ሰማችው። ደንግጣ «ምን ዓይነት ባለጌ ነህ!» ብላ ተቆጣችው። ልጁ ግን ባለጌ አልነበረም። የምር ነው የጠየቀኝ። ያን ቀን መልስ አልሰጠሁትም፤ «ጥያቄ 14ን ጨርስ» ብዬ አለፍኩት። ዛሬ እመልስለታለሁ፣ እዚህም ተቀምጧል። ግን መጀመሪያ ወደመጣንበት ጉዳይ እንግባ፤ ፈተናው እኔን ሥራ እስካገኝ አይጠብቅም።

ቁጥሮቹን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ ግን አንድ ላይ ስትሰሙት ይለያል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2። በ2016 ዓ.ም. 5.4። በ2017 ዓ.ም. 8.4። የመጨረሻው የተሻለ ነው፣ እሰየው። ግን በተሻለው ዓመት እንኳን ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላዩ ግማሽ አላመጣም ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። አንድም!

ይሄ ውጤት ሲወጣ ፌስቡክ ላይ ምን እንደሚባል ታስታውሳላችሁ። «ትውልዱ ሰነፈ»፣ «ቲክቶክ ጨረሰው»። እኔ ይሄን ነገር አልቀበልም። ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ ብርድ ልብስ ተከናንበው ሲያነቡ ያደሩ፣ ከዚያ 200 እንኳን ያልሞላላቸው ልጆች አውቃለሁ። መምህር ያልነበራቸው አሉ። መጽሐፉ ለአምስት አንድ የደረሳቸው አሉ። ላብራቶሪ የሚባል ክፍል ቁልፉ ጠፍቶ ሦስት ዓመት የኖረባቸው አሉ። ይሄ ሁሉ እውነት ነው፤ መጮኽም ካለብን እንጮኻለን። ነገር ግን ከአሁን እስከ ፈተናው ባሉት ሳምንታት ላብራቶሪ አይሠራላችሁም። በእጃችሁ ያለው አንድ ነገር ነው፦ አጠናናችሁ። ስንት ሰዓት ታጠናላችሁ ማለቴ አይደለም፤ እንዴት ታጠናላችሁ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። እኔ 12ኛ ክፍል እያለሁ ሃይላይተር የምወድ ልጅ ነበርኩ። ቢጫ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ሁሉም ነበረኝ። የባዮሎጂ መጽሐፌ የመስቀል ሜዳ ነበር የሚመስለው። አራት ጊዜ ነው ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት፣ እውነቴን ነው። አራተኛው ላይ ገጽ ስገልጥ «ይሄን አውቀዋለሁ» እያልኩ ነበር የማልፈው። በራሴ ተማምኜ ገባሁ። አንድ ጥያቄ መጣ። መልሱ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ ትዝ አለኝ፦ በግራ በኩል፣ ከታች፣ ከሥዕሉ አጠገብ፣ በሮዝ የተቀባ። ሥዕሉ ታየኝ። ቀለሙ ታየኝ። ቃሉ የለም። በቃ የለም። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ አንድ አልነበረም።

አልወደቅሁም። ግን ሕክምና ነበር የምፈልገው፣ የደረሰኝ እፅዋት ሳይንስ ነው። እፅዋት ሳይንስን አልንቅም፤ ስንዴ ባይኖር ሐኪሙም አይኖርም። ግን የመረጥኩት እኔ አልነበርኩም፣ ውጤቴ ነው የመረጠልኝ። ይሄን ልዩነት ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን አንድ ነገር እንሞክር። ማንም ኪሱ እንዳይገባ። የ100 ብር ኖት በስተጀርባው ምን ሥዕል አለበት? … (እዚህ ላይ አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ሆነ። አራት ልጆች አራት የተለያየ ነገር ተናገሩ። እናንተም ሞክሩት፣ ከዚያ አውጥታችሁ እዩት።) አያችሁ? በሕይወታችሁ ስንት ጊዜ አይታችሁታል? ከኪስ ስታወጡት «ይሄ መቶ ብር ነው» ለማለት ሰከንድ አይፈጅባችሁም። ግን ሳታዩት ንገሩኝ ስትባሉ ጠፋ። የኔ ባዮሎጂ እንዲሁ ነበር። ሲያዩት መለየት አንድ ነገር ነው፤ ሳያዩት ከጭንቅላት ማውጣት ሌላ ነገር ነው። ደጋግሞ ማንበብ የመጀመሪያውን ነው የሚያሠለጥነው። ፈተናው የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው። ምርጫ አለው አትበሉኝ፤ ምርጫዎቹን ያወጣው ሰው አራቱም የሚታወቁ እንዲመስሉ አድርጎ ነው የሠራቸው። መለየት ብቻ ለለመደ ልጅ አራቱም «አውቃቸዋለሁ» ይሉታል።

ይሄ የኔ ፍልስፍና አይደለም። ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ጥናት አለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ወሰዱ፣ አጭር ጽሑፍ ሰጧቸው። አንዱን ቡድን በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ እንዲያነብ አደረጉት። ሌላውን በአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ አስነበቡትና በቀሩት ሦስቱ ወረቀቱን ነጥቀው «የምታስታውሰውን ጻፍ» አሉት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠይቋቸው አንባቢዎቹ በለጡ፦ 83 በመቶ ለ71። «እሺ፣ ማንበብ ይሻላላ!» ትላላችሁ። ቆዩ። ከሳምንት በኋላ ጠየቋቸው። አንባቢዎቹ ወደ 40 ወረዱ፤ ወረቀት የተነጠቁት 61 ላይ ነበሩ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው፦ «ከሳምንት በኋላ ምን ያህል የምታስታውስ ይመስልሃል?» ሲባሉ የበለጠ የተማመኑት አንባቢዎቹ ነበሩ። እኔን ነው የሚመስሉት፣ ባለ ሃይላይተሩን!

ደግሞ ይሄን ነገር ለማወቅ አሜሪካ መሄድ አላስፈለገንም ነበር። እዚሁ አገራችን የቆሎ ተማሪ እንዴት ነው የሚማረው? ቅኔ ቤት የገባ ልጅ ሃይላይተር የለውም፤ አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፍም የለውም። ከመምህሩ አፍ ይሰማል፣ ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ከዚያ መጥቶ መምህሩ ፊት ይነግራል። ሲሳሳት እዚያው ይታረማል። ነገም እንዲሁ። ከፍ ያለው ተማሪ ደግሞ አስነጋሪ ይሆንና የታናናሾቹን ቅኔ ይሰማል፣ በዚያው የራሱ ይጠነክራል። ቁርኣን ቤትም ሂዱ፤ ልጁ በእንጨት ሉሁ ላይ የጻፈውን በቃሉ ለኡስታዙ ያሰማል። ከያዘው በኋላ ሉሁ ይታጠብና አዲሱ ይጻፍበታል። ሉሁ ከታጠበ በኋላ መመለሻ የለም፣ ከራስህ ማውጣት ብቻ ነው። እነዚህ ሰዎች ከሮዲገር ብዙ መቶ ዓመት በፊት ነው ይሄን የያዙት። እኛ ዘመናዊ ትምህርት ስንገባ «ሽምደዳ» ብለን ስንጥለው ከገለባው ጋር ፍሬውንም ጣልነው። (ሽምደዳ ብቻውን ፊዚክስ አያሠራም፣ እሱ ላይ አልከራከርም። ሳይገባህ የያዝከው ቀመር ጥያቄው ትንሽ ከተጠመዘዘ ጥሎህ ይሄዳል። እኔ የምለው የገባህን ነገር ከራስህ ማውጣት ተለማመድ ነው።)

እሺ፣ ማክሰኞ ማታ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጡ ምን ታደርጋላችሁ?

አንድ ምዕራፍ አትያዙ፣ ይበዛል። አንድ ንዑስ ርዕስ ያዙ፣ ሦስት ወይም አራት ገጽ። በደንብ፣ ሳትቸኩሉ፣ ገብቷችሁ አንብቡት። ከዚያ መጽሐፉን ዝጉት። «ዝጉት» ስል አገላብጡት ማለት አይደለም፤ ከእጃችሁ ርቆ አልጋ ላይ ይቀመጥ። ባዶ ወረቀት አውጡና የምታስታውሱትን ሁሉ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፉ። ሥዕል ከሆነ ሳሉት፣ ቀመር ከሆነ ከየት እንደመጣ ጻፉ። ይጨንቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አምስት መስመር ጽፋችሁ ትቆማላችሁ፣ «ምንም አላውቅም ማለት ነው» ትላላችሁ። ያቺ ጭንቀት ናት ጥናቷ! ጡንቻ ሲያም እንደሚሠራው ማለት ነው። ሳይጨንቃችሁ ሁለት ሰዓት ካነበባችሁ ተጠራጠሩ።

ከዚያ መጽሐፉን ክፈቱና የረሳችሁትን፣ የተሳሳታችሁትን በቀይ ሙሉበት። አሁን ወረቀቷን ተመልከቱ። ሰማያዊው የናንተ ነው። ቀዩ ያልያዛችሁት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የምታጠኑት ቀዩን ነው። ብዙ ልጅ የሚያደርገው ግልባጩን ነው፤ የሚያውቀውን ምዕራፍ ደስ ስለሚለው እሱኑ ይደግማል፣ የሚያስፈራውን «ነገ» ይላል። የማስጠናው አንዱ ልጅ ስለ ሴል ከኔ የተሻለ ያውቃል፣ ጄኔቲክስ ስለው ሆዱን ያመዋል።

ለቋንቋ አትጨነቁ። ለራሳችሁ ስትጽፉ ማብራሪያው በአማርኛም በኦሮምኛም ይሁን፣ በገባችሁ ቋንቋ። ቃላቱን ግን፣ ስያሜዎቹን፣ መጽሐፉ ላይ እንዳሉት በእንግሊዝኛ ያዙ፤ ፈተናው የሚመጣው በሱ ነው።

ሁለተኛው ነገር መቼ ትመለሱበታላችሁ የሚለው ነው። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ ራሱን ፈትኖ መርሳት እንዴት እንደሚሄድ አሳይቷል። ትርጉም የሌላቸው ቃላት ይሸመድዳል፣ ከዚያ ምን ያህል እንደቀረለት ይለካል። በመጀመሪያው ቀን ብዙው ይሄዳል፣ ከዚያ መሄዱ እየቀነሰ ይመጣል። ስለዚህ ዛሬ የጻፋችሁትን ነገ አንድ ጊዜ፣ ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ባዶ ወረቀት ላይ አውጡት። ቀኑን ወረቀቱ ራስጌ ላይ ጻፉ፣ በቃ። በአንድ ቀን አምስት ሰዓት ኬሚስትሪ ከማጥናት በአምስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ይሻላል። ድምሩ ያው ነው፤ የሚቀረው ግን ያው አይደለም።

ይሄን ለሱሉልታ ልጅ ማስረዳት አይከብድም። ጠዋት ሜዳው ላይ ሯጮቹን ታያላችሁ፤ ቀነኒሳ ያሠራው መም እዚሁ ነው። ማራቶን ሊሮጥ ሳምንት ሲቀረው ልምምድ የሚጀምር አንድ ሰው አይታችኋል? ወይስ በየቀኑ ልቡ እስኪፈነዳ የሚሮጥ? አንድ ቀን ከባድ፣ በነጋታው ቀለል፣ ከዚያ እንደገና። በመሃል ያረፈባት ቀን ናት እግሩን የምትሠራው። እኛ ግን ለስምንት ወር ተኝተን መጨረሻ ላይ «ሌት ተቀን» እንላለን። ከዚያ ጫት ይመጣል። ጫቱን እዚህ ላንሳው፣ ሁላችንም ስለምናውቀው። ተመርቅኖ ሲያነቡ ሁሉም የገባ ይመስላል፣ ሌሊቱ ያጥራል፣ ገጹ ይበራል። ጠዋት ላይ ግን የለም። አእምሮ ቀን የሰበሰበውን የሚያደላድለው በእንቅልፍ ነው፤ እንቅልፉን ቀምታችሁት ምን ላይ ያስቀምጠው? ተኙ። ይሄን የምለው እንደ ሰባኪ አይደለም፣ ካምፓስ እያለሁ ሞክሬው ከስሬበታለሁ።

አሁን ወደ አሮጌ ጥያቄዎች። ሁላችሁም ቴሌግራማችሁ ላይ የአሥር ዓመት ማትሪክ አላችሁ፣ አይደል? ስንቱን ሠርታችኋል? አውርዶ ማስቀመጥ ጥናት የሚመስለን ብዙ ነን። ከዚያ የከፋው ግን ጥያቄውን አንብቦ ወዲያው መልሱን ማየት ነው። «አዎ አዎ፣ ሲ ነው፣ አውቀው ነበር።» አታውቀውም ነበር! መልስ ያለበትን ገጽ ቆርጣችሁ ለእናታችሁ ስጧት፣ ትደብቀው። ሰዓት ያዙ፣ ሠርታችሁ ጨርሱ፣ ከዚያ ጠይቋት።

ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ደግሞ አንድ ተንኮል አለ። ወርክሺት ስትሠሩ ከላይ «ሎጋሪዝም» ይላል፣ ሃያ ጥያቄ አለው፣ ሃያውም ሎጋሪዝም ነው። አምስተኛው ላይ እጃችሁ ብቻውን ይሠራል። ሃያ ከሃያ! ፈተናው ላይ ግን ከጥያቄው በላይ የምዕራፍ ስም የለም። ሮረርና ቴይለር የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ይሄን አሳይተዋል። ተማሪዎች የአራት ዓይነት ቅርጾችን ይዘት ማስላት ተማሩ። አንዱ ቡድን በየዓይነቱ ለይቶ ተለማመደ፣ ሌላው አቀላቅሎ። በልምምዱ ሰዓት ለይተው የሠሩት 89 በመቶ አገኙ፣ ያቀላቀሉት 60። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ለይተው የሠሩት 20፣ ያቀላቀሉት 63። ለምን? ያቀላቀለው ልጅ ቀመሩን ብቻ ሳይሆን «ይሄ ጥያቄ የትኛውን ቀመር ነው የሚፈልገው?» የሚለውንም ስለተለማመደ ነው። ስለዚህ አሮጌ ወርክሺቶቻችሁን በመቀስ ቆራርጡ፣ ከረጢት ውስጥ ጨምሩ፣ በጥብጡ፣ እየዘረፋችሁ ሥሩ። ውጤታችሁ ሲወርድ አትደንግጡ፤ ቤት ውስጥ ቢወርድ ይሻላል።

የስህተት ደብተርም ያዙ። አንዲት ሲኒላይን ትበቃለች። የተሳሳታችሁትን ጥያቄ ስትጽፉ ለምን እንደተሳሳታችሁ አጠገቡ ጻፉ፦ አላውቀውም ነበር? ቸኩዬ ነው? ወይስ እንግሊዝኛው ነው? የማስጠናቸውን ልጆች ደብተር ሳይ ሦስተኛው ከምታስቡት በላይ ነው። «ኖት» የምትለዋን ቃል ሳያይ ያለፈ፣ «ኤክሴፕት» ማለት ምን እንደሆነ በግምት የሄደ። ባዮሎጂውን ያውቀዋል እኮ! በአንዲት ቃል ምክንያት ተቀጣ። ጥያቄ ስታነቡ እንደነዚህ ያሉ ቃላትን አክብቡ። ሃይላይተር ከያዛችሁ እዚህ ላይ ፈቅጃለሁ።

በጥንድ አጥኑ። ሦስት ከሆናችሁ ወሬ ይመጣል፣ አምስት ከሆናችሁ ሠርግ ነው። አንዱ መጽሐፍ ዘግቶ ያስረዳ፣ ሌላው መጽሐፍ ይዞ ይስማ፣ እንደ አስነጋሪው። ከዚያ ተቀያየሩ። ጎበዙ ልጅ «ጊዜዬን ይበሉብኛል» ብሎ ይፈራል፤ የሚያስረዳው ሰው ከሚሰማው በላይ ነው የሚጠቀመው፣ እመኑኝ፣ እኔ ፊዚክስ የገባኝ ማስጠናት ከጀመርኩ ወዲህ ነው።

እህቶቼ፣ ለእናንተ አንድ ነገር። «ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ» ስል የናንተን ቀን ረስቼ አይደለም። ከትምህርት ቤት መልስ ውሃ፣ ሊጥ፣ ምጣድ፣ ታናናሽ ልጆች። ባዶ ወረቀቱ እጅ ይፈልጋል፣ ከራስ ማውጣት ግን እጅ አይፈልግም። ጠዋት የጻፍሽውን ምጣድ ላይ ሆነሽ ለራስሽ ንገሪው፣ የጠፋሽን ነጥብ ያዢና ማታ ቀዩን ሙዪ። ግን ይሄን ብዬ ማለፍ ነውር ነው። ወንዶች! እህታችሁም ተፈታኝ ናት። ወንድሟ ሶፋ ላይ ተጋድሞ «እያጠናሁ ነው» የሚልባት፣ እሷ ጭስ ውስጥ ሆና «ሴቶቹ ውጤት አያመጡም» የምትባልባት ቤት ካለች፣ ያቺን ቤት ሳናስተካክል ስለ ወገን አናውራ። እስከ ፈተናው ድረስ ውሃውን እናንተ ቅዱ። አትሞቱም።

ስልክስ? ፈተናው ላይ ስልክ የለም። ወረቀትም ይሁን ኮምፒውተር ፊታችሁ የሚቀመጠው፣ ይዛችሁ የምትገቡት ራሳችሁን ብቻ ነው። አሁኑኑ ልመዱት። ይሄን ስል የኛን ፔጅ ጨምሬ ነው፣ አድሚኖቹ ይቀየሙኝ። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ኮመንት ሥር ስትሰዳደቡ የማያችሁ ተፈታኞች አላችሁ፤ ስማችሁን አልጠራም፣ ፕሮፋይላችሁን ግን አውቀዋለሁ። ላይክ አታድርጉልን፣ ሼር አታድርጉልን። ፈተናው እስኪያልፍ ድረስ ከፔጁ ውጡ። ወጥታችሁ ከተመለሳችሁ እዚሁ ነን።

እሺ። አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። «አንተ ተምረህ ምን አገኘህ?»

እስካሁን ሥራ አላገኘሁም። ይሄን በሌላ ቃል አላሳምረውም። አባቴ ማታ ስገባ «እንዴት ዋልክ?» ይለኛል፣ ከዚያ ወዲያ አይጠይቀኝም፤ አለመጠየቁ ነው የሚከብደኝ። ጥሩ ውጤት ሥራ ያመጣል ብዬ ብነግራችሁ ነገ መንገድ ላይ ስታገኙኝ ትታዘቡኛላችሁ። አያመጣም፤ ቢያንስ ብቻውን አያመጣም።

ግን ልጄ፣ ሁለት ነገር ልንገርህ። የመጀመሪያው ያቺ ሃይላይተር የቀባኋት ዓመት ናት። ያኔ የጎደለኝ ጥቂት ነጥብ ነው። እነዚያ ነጥቦች ሕክምናን ወስደው እፅዋት ሳይንስን ሰጡኝ። ማንም አልጠላኝም፣ ማንም አልበደለኝም፤ ኮምፒውተር ነው የመደበኝ። ውጤትህ ዝቅ ባለ ቁጥር ስላንተ የሚወስነው ሌላ ሰው ይሆናል። ከፍ ባለ ቁጥር ወሳኙ አንተ ትሆናለህ። ከ50 በታች ሲሆን ደግሞ ሬሜዲያል ልትገባ ትችላለህ፣ እሱም በዓመቱ በሚወጣው መቁረጫ ነው፣ እሱንም የሚወስነው ሌላ ሰው ነው።

ሁለተኛው፣ ካምፓስ መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና ጠበቀን። በ2015 ዓ.ም. ነው የተጀመረው፣ እኛ ቀጥሎ ደረስን። የአራት ዓመት ኮርስ በአንድ ፈተና። ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነበርን። ያኔ ነው ይሄን ባዶ ወረቀት የጀመርኩት፣ ስለ ሮዲገር ገና ሳልሰማ፤ ከታላላቆቻችን አንዱ «ዝጋና ጻፈው» ብሎኝ ነው። ሁለት ወር እንደዚያ አጠናሁ። አለፍኩ። ከስድስታችን ሁለቱ አላለፉም፣ ከኔ የሚያንሱ ልጆች አልነበሩም፣ አንደኛው እንዲያውም እኔን ስታቲስቲክስ ያስተማረኝ ነው። ስድስት ጊዜ ነው ሃንድአውቱን ያነበበው፣ አየው ነበር። ዛሬ እኔ ማስታወቂያ ሳይ ማመልከት እችላለሁ። እሱ ቢያንስ እስኪደግም ድረስ ማመልከትም አይችልም። ሁለታችንም ሥራ የለንም፣ ቤታችሁ ሆናችሁ ብታዩን አንድ ነን። እኔ ግን ወረፋው ላይ ቆሜያለሁ፣ እሱ ወረፋው ውስጥ ለመግባት ሌላ ወረፋ ላይ ነው። ባለፈው ደውሎልኝ ነበር። «ያቺን የወረቀት ነገር እንዴት ነበር የምታደርጋት?» አለኝ። በስልክ አስረዳሁት።

ይሄው ነው ያገኘሁት። ትንሽ ነው? ትንሽ ነው። አንተ ከዚህ የተሻለ ልታገኝበት ትችላለህ፤ እኔ በ12ኛ ክፍል ያላወቅሁትን አንተ ዛሬ በቅዳሜ ጠዋት ሰማኸው።

ከዚህ በኋላ በየቅዳሜው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል እዚሁ እንገናኛለን። ገንዘብ የለም፣ ምዝገባ የለም። ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ፣ ባዶ ወረቀት፣ የተቆራረጠ ወርክሺት በከረጢት። ተፈጥሮ ሳይንሶች በፊዚክስ እንጀምራለን፣ ማኅበራዊ ሳይንሶች በኢኮኖሚክስ፤ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና አፕቲቲዩድ አንድ ላይ። ስልክ በር ላይ ካርቶን ውስጥ ይቀመጣል። ካርቶኑን እኔ እጠብቃለሁ፣ ሥራ የለኝምና።

የቤት ሥራውን አልረሳሁም። ይሄን በስልክ የምታነቡትም ጭምር፦ አሁን ስልኩን ገልብጡት፣ ወረቀት አውጡ፣ ከዚህ ንግግር የምታስታውሱትን ሁሉ በሰማያዊ ጻፉ። አራቱን ዓመታትና በመቶኛቸውን፣ የ89 እና የ20 ነገር ምን እንደነበር፣ ሉሁ ለምን እንደሚታጠብ። ከዚያ ተመለሱና የጎደለውን በቀይ ሙሉት። ቅዳሜ ወረቀቷን ይዛችሁ ኑ፤ ቀይ የበዛባትን መጀመሪያ አያታለሁ።